በወንድሟ ስም

የሺእመቤት ወረቀቱን ያገኘችው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትመለስ ነው። እንደ ወትሮው የማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። እሷ አትላንታ አጠገብ ማሪዬታ ባለ የአዛውንቶች መጦሪያ ከማለዳ ጀምሮ ትሠራለች፤ አብሯት የሚኖረው ሰው ደግሞ መሐል ከተማ ባለ ሆቴል ከቀትር በኋላ የእንግዶችን መኪና ፓርክ ያደርጋል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገሩት በዚህ በር ላይ ነው። «ዶሮው ውስጥ አለ፤ ሳታሞቂው እንዳትበይ።» «የመኪናውን ዘይት ቀይሬዋለሁ።» «ነገ ዝናብ አለ ይላሉ፤ ጃንጥላ ያዢ።» አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተጻጽፈዋል። እሱ ግን አንድም ቀን ከታች ስሙን ጽፎ አያውቅም።

የዛሬው ረዘም ይላል።

«ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ። ኃይለመስቀል ጥሩ ሰው ነው። ሊልበርን ቤት ገዝቷል፤ አይጠጣም፤ ያከብርሻል። አስቢበት። ነገ ኦፍ ነኝ። አንድ እንግዳ ሁለት የሙዚየም ትኬት ሰጥቶኛል። ከተመቸሽ አብረን እንሂድ። እዚያ የሚያውቀን ሰው አይኖርም።»

ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማ አነበበችው። «ኃይለመስቀል ጥሩ ሰው ነው» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሰው ሴትን ለሌላ አሳልፎ ሲሰጥ የሚጽፈው እንዲህ ነው ማለት ነው ብላ አሰበች፤ ያውም በዚህ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ።

አትላንታ ያለ ሐበሻ ሁሉ መርዕድ የየሺእመቤት ታላቅ ወንድም መሆኑን ያውቃል። የስደት ወረቀታቸውም እንደዚያ ይላል። እውነተኛው መርዕድ ግን ገዳሪፍ ቀርቷል።

የደብረ ታቦር ልጆች ናቸው። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ መርዕድና የሺእመቤት ብቻቸውን ቀሩ። በ1972 ዓ.ም. ከመርዕድ የትምህርት ቤት ጓደኛ ከይገዙ ጋር ሆነው በመተማ በኩል ሱዳን ገቡ። ገዳሪፍ ሁለት ዓመት ከጠበቁ በኋላ ለአሜሪካ የመርዕድና የእህቱ ስም ብቻ ተላለፈ። ለኢንተርቪው ሦስት ሳምንት ሲቀር መርዕድ ወባ ያዘው። በሦስተኛው ቀን የጓደኛውን እጅ ይዞ፣ «በኔ ስም ግባ። ብቻዋን አትላካት» አለው። በአራተኛው ቀን ሞተ። ይገዙም በስሙ ገባ። በዚያን ጊዜ የሁለቱም ጉንጭ እኩል ከስቶ ስለነበር ፎቶግራፉን አይቶ የጠየቀ አልነበረም።

ስለዚህ ለመርዕድ አልተለቀሰለትም። አርባው አልወጣም፤ ሙት ዓመቱ አልታሰበም። በየቀኑ ሥራ ለሚገባ፣ በየእሑዱ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ወንበር ለሚደረድር ሰው እንዴት ተደርጎ ይለቀሳል? የሺእመቤት በሰው ፊት «ወንድሜ» ትለዋለች። ብቻቸውን ሲሆኑ ግን በምንም ስም አትጠራውም። መርዕድ ማለት አይሆንላትም፤ ይገዙ ማለት ከለመደች ደግሞ አንድ ቀን በሰው ፊት እንዳያመልጣት ትፈራለች። «አንተ» ትለዋለች። አንዳንድ ጊዜ እንደዚያ ስትለው ድምፅዋ ሳታስበው ይለሰልሳል። ያን ጊዜ እሱ ከተቀመጠበት ተነስቶ መስኮት ይከፍታል።

በዳግማ ትንሣኤ ሽማግሌዎቹ እነ አቶ ገብረሕይወት ለኃይለመስቀል ሊለምኗት የመጡት ታዲያ ወደ እሱ ነው። ከወንድሟ ሌላ ማን አላት? እሱም ሁለት ሳምንት ስጡኝ አላቸው። የሺእመቤት ያን ዕለት ወጥ ቤት ሆና ሰምታለች። «አይሆንም» ይላል ብላ ትንፋሿን ይዛ ነበር።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች። ለምን እሱን እንደመረጠች ራሷን አልጠየቀችም።

ሙዚየሙ ፒችትሪ መንገድ ላይ ያለ ነጭ ሕንፃ ነው። በሩ ላይ በተሰቀለው ትልቅ ጨርቅ ላይ ሥዕሎቹ ኒው ዴልሂ ካለው ብሔራዊ የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም ለሦስት ወር የመጡ መሆናቸው ተጽፏል። ውስጡ ቀዝቃዛ፣ ጸጥ ያለ ነበር። በጠመዝማዛው መወጣጫ ጎን ለጎን ወጡ፤ መካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ክፍት ቦታ አለ። የእውነት ወንድሟ ቢሆን ኖሮ እጁን ትይዘው ነበር።

«እኔኮ ዝሆንና ቤተ መንግሥት የምናይ መስሎኝ ነበር» አለ በዝግታ። «ይኸው አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሥለዋል።»

እውነቱን ነው። ሰውዬው በዝናብ ጃንጥላ ሳይዝ ቆሟል፤ ከጀርባው ጣሪያ በጣሪያ ላይ የተደራረበ ከተማ አለ። ቀጥሎ በአምስት ጥቁር መስመር ብቻ የተሠራ በሬ ነበር። ከዚያ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች። ዓይናቸው ግንባራቸውን ሊያልፍ ምንም አልቀረውም፤ የሺእመቤት የልጅነቷን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕል አስታወሰች። ሰው ይህን ያህል ርቆ ሄዶ የሚያውቀውን ዓይን ያገኛል ብላ አታስብም ነበር።

«ወረቀቱን አየሽው?» አላት በሬው ፊት ቆሞ።

«አየሁት።»

«እና?»

«ጽሑፍህ ያምራል።»

ወደሚቀጥለው ክፍል አለፉ።

እዚያ አንድ ሥዕል ብቻውን ተሰቅሏል። ቢጫ ግድግዳ ሥር የተቀመጠች ሴት ናት፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ከጎኗ ምንም የለም። ቆየት ብለው ሲያዩት ግን የቢጫው ቀለም ሥር ትከሻ ይታያል፤ ከዚያ ክንድ፤ ከዚያ ወደ ሴቲቱ የተዘረጋ እጅ። የሺእመቤት ጠጋ ብላ ጽሑፉን አነበበች። ሠዓሊው መጀመሪያ ወንድ ሥሎ ነበር ይላል። በኋላ ግድግዳ ቀብቶ ሸፈነው። አርባ ዓመት ሲያልፍ ቀለሙ እየሳሳ ስለሄደ የተሸፈነው ሰው ተመልሶ እየወጣ ነው።

ዞር ብላ አየችው። እጆቹን አጣጥፎ፣ ጀርባውን ከበሩ አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ከሥዕሉ ላይ አልነቀለም።

ከበሩ በኩል አንዲት ሴት በአማርኛ ጮኸች።

«ይገዙ ተሰማ! ግድግዳ አትደገፍ!»

«አቤት!» አለና ቀጥ ብሎ ቆመ።

አፉም አካሉም ከእሱ ቀድመው መልሰዋል። አራት ዓመት ያልተጠራ ስም ነው። ፊቱ ላይ ያለፈውን የሺእመቤት ብቻ አየችው፤ ተኝቶ በስሙ እንደቀሰቀሱት ሰው ነበር።

አረንጓዴ የሕንድ ሣሪ የለበሱ፣ ከሥሩ የስፖርት ጫማ ያደረጉ ሽበታም ሴት ወደ እነሱ መጡ። ደረታቸው ላይ የአስጎብኚ ምልክት አለ።

«ሚስስ ኩሪያን?» አለ።

«ሌላ ማን ይሆናል? ጂኦግራፊ፣ አስረኛ ሲ። አሜሪካኖች ሥዕል ሲያዩ ግድግዳ አይደገፉም። አንድ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚቆም። ከሩቅ አወቅሁህ!» በደስታ ክንዱን መታ መታ አደረጉት። አማርኛቸው የክፍል አማርኛ ነው፤ ግማሹ ትእዛዝ፣ ግማሹ ቁጣ። ደብረ ታቦር አሥራ አንድ ዓመት አስተምረዋል። አሁን ሊልበርን ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ሥዕሎቹ ከአገራቸው ስለመጡ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ያስጎበኛሉ።

«ከጎንህ የሚቀመጠውስ?» አሉት። «ካርታ የሚሥለው። ዓባይን ከጣና እስከ ባሕሩ እርሳሱን ሳያነሳ! ሃያ ስድስት ዓመት አስተማርኩ፤ እንደዚያ ያለ እጅ አላየሁም። ስሙ… ስሙ…»

«መርዕድ» አለች የሺእመቤት።

«መርዕድ!» ዞር ብለው ትክ ብለው አዩዋት። «ግንባሩ አለሽ። እህቱ ነሽ። ሰባተኛ እያለሽ በር ላይ ቆመሽ ትጠብቂው ነበር። የት ነው እሱ? እዚህ ነው?»

ይገዙ ጉሮሮውን ጠረገ። ለእንደዚህ ያለ ጥያቄ አራት ዓመት ሲያዘጋጁት የኖሩት መልስ ነበራቸው፤ የሺእመቤት አንድ በአንድ ታውቀዋለች። ግን መልሱ የተዘጋጀው መርዕድን ለማያውቅ ሰው ነው። ዓባይን ሲሥል ላየ ሰው የሚሆን አልነበረም።

«ሞተ» አለች።

ከዚህ በፊት ለማንም ብላው የማታውቀው ቃል ነው። ከወጣ በኋላ ሊመለስ እንቢ አለ። «ሞተ» አለች እንደገና፤ ሚስስ ኩሪያን ይዘዋት ክፍሉ መሐል ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ራሷን አረንጓዴው ሣሪ ላይ አድርጋ አለቀሰች። የሚያልፉት አሜሪካኖች ሥዕሉ አስለቅሷት መሰላቸውና በአክብሮት ድምፃቸውን ቀነሱ።

«ይገዙ፣ ውኃ» አሉ ሚስስ ኩሪያን። እንደ ተማሪ ሮጠ።

«መቼ ነው?» ብለው ጠየቋት።

«አራት ዓመቱ።»

«አራት ዓመት? የዛሬ አስመሰልሽው።»

«እስከ ዛሬ አላለቀስኩም፣ ሚስ።»

አሮጊቷ ለምን ብለው አልጠየቁም። ፀጉሯን ደባበሷት። ይገዙ በወረቀት ኩባያ ውኃ ይዞ ተመለሰና ፊቷ በርከክ ብሎ ሰጣት። ኩባያውን ስትቀበለው ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ አንዳቸውም ቶሎ አላነሱም። ሚስስ ኩሪያን ሁለቱን አፈራርቀው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥሩ አደረጋችሁ» አሉ።

«ምኑን?» አለ ይገዙ።

«መጋባታችሁን። መርዕድም ደስ ይለው ነበር።»

አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አድርገው ያዩዋቸው የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ናቸው። የሺእመቤት አልተጋባንም ለማለት አፏን ከፈተች። ይገዙን አየችው፤ እሱ ኩባያውን ያያል። አፏን ዘጋችና ውኃውን ጠጣች። ቀዝቃዛ ነበር፤ ደረቷ ውስጥ ሲወርድ እስከ መጨረሻው ተሰማት።

*

መኪናው ውስጥ ገብተው ቁልፉን ከሰካ በኋላ ሞተሩን አላስነሳም።

«ለምን ዝም አልካቸው?» አለችው።

«አንቺስ?»

«እኔ ቀድሜ ጠየቅኩ።»

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «ደስ ስላለኝ» አለ በመጨረሻ። «ለአንድ ደቂቃ እውነት ይሁን ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን ኃይለመስቀል ጥሩ ሰው ነው ብለህ ጻፍክልኝ?»

«ጥሩ ሰው ነው እኮ።»

«ስለ እሱ ማን ጠየቀህ?»

«ምን ልጻፍ ታዲያ? በምን ስም ልጻፍ?» መሪውን አልለቀቀም። «የለበስኩት ስም የሟች ነው። ግሪን ካርዴ የእሱ ነው። የምበላው በእሱ ነው። በዚያ ላይ እህቱን ልመኝ? እሱ እኮ አደራ ነው የሰጠኝ።»

«ብቻዋን አትላካት ነው ያለህ» አለች። «እኔም እራስጌው ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ። ለኃይለመስቀል ከሰጠኸኝ ብቻዬን ነው የምትልከኝ።»

የመኪናው የፊት መስታወት ላይ ነጭ የዛፍ አበባ ይረግፍ ነበር።

«እውነቱን ብናወጣ የሚሉሽን ታውቂያለሽ» አለ። «አራት ዓመት ከባዕድ ወንድ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖረች ይሉሻል። ሶፋ ላይ እንደምተኛ ማን ያምነኛል?»

«ሶፋውን ያዩታል። መሐሉ ሰምጧል።»

ሳያስበው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ግን ዓይኗ እንደገና ሞላ።

«ሰው የሚለኝን እፈራለሁ» አለች። «ወረቀቱንም ከዚያ ይበልጥ እፈራለሁ። አልፈራም ብልህ ውሸት ነው። ግን ወንድሜን ላለቅሰው እፈልጋለሁ። አንተ በስሙ እየተጠራህ እንዴት አድርጌ አለቅሰዋለሁ? አንተንስ በስሙ እየጠራሁ እንዴት…»

አልጨረሰችውም። ማስጨረስ አላስፈለገውም። እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ በመካከላቸው ባለው ወንበር ላይ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው። አልጠራትም፤ አልጎተታትም። የሺእመቤት እጇን እዚያ ላይ አሳረፈችና ወደ ውጭ ማየት ቀጠለች። ለካ እጅ እንዲህ ይሞቃል አለች በልቧ።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ በሰዓታቸው መጡ። አቶ ገብረሕይወት ዲኬተር ውስጥ ትንሽ የእህል ሱቅ ያላቸው፣ በስደተኛው ሁሉ የተከበሩ ሰው ናቸው። አብረዋቸው ያሉት አቶ ሽፈራው ታክሲ ይነዳሉ።

«ሦስተኛችን ኦቨርታይም ገብቶበታል» አሉ አቶ ሽፈራው ገና በሩ ላይ። «ለዛሬ ሁለታችንን እንደ ሦስት ቁጠረን።»

«ይቀመጡ እንጂ» አላቸው ይገዙ።

«መልሳችንን ሳንሰማ አንቀመጥም፤ ወጉ አይፈቅድም» አሉ አቶ ገብረሕይወት። ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሙ። «እንግዲህ መርዕድ ልጄ፣ ሁለት ሳምንት ብለኸን ነበር። እህትህን ለልጃችን ለኃይለመስቀል ትሰጠናለህ ወይ?»

የሺእመቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሻዩን እየቀዳች ነበር። መቅዳቷን አቆመች።

«ኃይለመስቀልን አከብረዋለሁ» ሲል ሰማችው። «ግን ልሰጣት አልችልም።»

«ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም። የምሰጣት ሰው እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው? አጎት አላችሁ እንዴ?» አሉ አቶ ሽፈራው። «ቁጥሩን አምጣና ስልክ እንደውልለታለን!»

ይገዙ ቃሉን ሲፈልግ፣ ሲያገኘው፣ ሲውጠው ወጥ ቤት ሆና ተሰማት። ልጅት ሳትጠራ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም፤ ይህን ታውቃለች። በወንበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ነጠላዋን አነሳች። ለእንግዳ እንደሚለበሰው አጣፋችው። ከዚያ ቆም አለችና ፈታችው። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ አዘቅዝቃ፣ ለብሳ፣ ትሪውን ይዛ ወጣች።

አቶ ገብረሕይወት ሻዩን ለመቀበል እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ጥለቱን አንገቷ ሥር ሲያዩት እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለምን እንደሆነ የሚጠፋው ሐበሻ የለም።

«ምነው ልጄ? ማን ሞተብሽ?»

«ወንድሜ» አለች። «መርዕድ።»

ሁለቱም ፊታቸው የቆመውን ሰው አዩ።

«ይኸው ቆሞ የለም እንዴ!» አሉ አቶ ሽፈራው።

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ነገረቻቸው። ገዳሪፍን፣ ሦስቱን ሳምንት፣ መርዕድ የተናገረውን ቃል። «የቀበረው እሱ ነው» አለች ወደ ይገዙ እያየች። «እኔም በስሙ ስጠራው ኖርኩ። አንድ ሰው እንኳ እግዜር ያጥናሽ አላለኝም።» ከዚህ በላይ አልቻለችም።

ማቀዝቀዣው ሲያጓራ ይሰማል። የሺእመቤት የሚመጣውን ጠበቀች፤ ቁጣውን ወይም የበሩን መዘጋት።

አቶ ገብረሕይወት ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እኔ» አሉ በዝግታ፣ ነጭ ፀጉራቸውን እየዳሰሱ፣ «በወረቀት አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። እንዲህ ያለ አርባ ሦስት ዓመት አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ማንም አልሳቀም፤ እሳቸውም ለማሳቅ አላሉትም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ። ነፍሱን ይማረው።»

መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም ያሉት ሽማግሌ ለለቅሶ ተቀመጡ። አቶ ሽፈራውም «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ሶፋው ላይ አረፍ ሲሉ እስከ ወገባቸው ገቡ። «ምነው ይሄ ሶፋ መሐሉ…» ብለው ጀመሩና ጥጉ ላይ ታጥፎ የተቀመጠውን ብርድ ልብስና ትራስ አዩ። ይገዙን አዩት። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ አንገታቸውን ደፉ፤ ከዚያ በኋላ ዝምታቸው የአክብሮት ነበር።

«ለኃይለመስቀል እኔ እነግረዋለሁ» አሉ አቶ ገብረሕይወት። «ሰው ነው፤ ይገባዋል። ሰው ደግሞ ያወራል፤ አፉን ልዘጋላችሁ አልችልም። ወረቀቱንም ጠበቃ አይቶ የሚለውን ይበል፤ ቀላል ነው አልላችሁም። የሌላው ነገር ደግሞ…» አንዴ እሷን አንዴ እሱን አዩ፤ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ለዘብ አለ። «ዛሬ ለቅሶ ቤት ነው። አርባ ቀን ይለፍ። ከዚያ ሽማግሌ መላክ ብትፈልግ ሌላ ሰው ፈልግ፤ እኔን ከኃይለመስቀል ጋር እንዳታጣላኝ።»

«እኔ አለሁ» አሉ አቶ ሽፈራው ከሶፋው ውስጥ።

ይገዙ እስካሁን እንደቆመ ነው። አቶ ገብረሕይወት አጠገባቸው ያለውን ወንበር መታ መታ አደረጉለት።

«ና እዚህ ተቀመጥ። አንተም ሐዘንተኛ ነህ። ማን ልበልህ፣ ልጄ?»

የሺእመቤትን አያት። እሷ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም።

«ይገዙ» አለች። «ይገዙ ነው የሚባለው።»

ድምፅዋ ለሰለሰ። ሰው ሁሉ ሰማው። እሱም መስኮት ሊከፍት አልተነሳም፤ እንዳለ ተቀመጠ።